ደንበኛው በማን ስልክ ውስጥ ነው ያለው?

ለአነስተኛ ነጋዴ የሚበጅ የደንበኛ መዝገብ ሶፍትዌር አመራረጥ

በየሱቁ ግድግዳ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ከጎኑም «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ» የሚለው ይከተላል። ይሁንና የንጉሡ ስም፣ ስልክና ዕዳ የት ተመዝግቦ እንደሚገኝ ባለ ሱቁ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ወጥ አይሆንም። ከፊሉ በደብተር፣ ከፊሉ በባለ ሱቁ ጭንቅላት፣ የቀረው ደግሞ በደላላው ስልክ ውስጥ ነው።

ደላላው ሌላ ነጋዴ ጋር የገባ ዕለት ጥያቄው ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ ሰሊጥ ሲያቀርቡ የነበሩት ገበሬዎች የድርጅቱ ደንበኞች ነበሩ ወይስ የደላላው? ሲአርኤም በሚል አጭር መጠሪያ የሚታወቁት የደንበኛ መዝገብ ሶፍትዌሮች ለዚህ ችግር መፍትሔ ናቸው ተብለው ለነጋዴው ይቀርባሉ። ለመሆኑ በግልገል በለስ ከሦስት ወይም ከአራት ሠራተኛ በላይ ለሌለው የእህል ነጋዴ ይህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ያዋጣል? ካዋጣስ የትኛው?

ዋጋው የታወቀ ገበያ

የመተከል ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ግልገል በለስ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከቻግኒ ተነሥቶ ወደ ጉባ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ በቆሎና ማሽላ ይመረታል። በአካባቢው የሚገኘው የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከልም በአኩሪ አተር ምርምር ስሙ የሚነሣ ነው። የምርቱ ሥራ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚጠናቀቅ በመሆኑ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነጋዴው በአንድ ቀን የሚያነጋግረው ሰው ቁጥር በክረምቱ በሳምንት ከሚያነጋግረው ሊበልጥ ይችላል።

ሰሊጥና አኩሪ አተር በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚገበያዩ ምርቶች ናቸው። ስለዚህ የአዲስ አበባው ዋጋ ዛሬ ከገበሬው የተደበቀ አይደለም፤ በሞባይል ስልኩ ደውሎ ያጣራል። ዋጋው ለሁሉም ከታወቀ አንዱን ነጋዴ ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? ሚዛኑ ትክክል መሆኑ፣ ክፍያው በተባለው ቀን መድረሱ፣ ባለፈው ዓመት የተገባው ቃል ዘንድሮም መታወሱ ነው። ሦስቱም የማስታወስ ጉዳዮች ናቸው። የደንበኛ መዝገብ ሶፍትዌር ሥራም ይኸው ነው፤ የድርጅቱን ትዝታ ከአንድ ሰው ጭንቅላት አውጥቶ የድርጅቱ ንብረት ያደርጋል።

ነገሩ ከየት መጣ?

የዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም መነሻ ውስብስብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የወጣው «አክት» የተባለው ፕሮግራም ሻጮች የደንበኞቻቸውን አድራሻና የቀጠሮ ቀን የሚይዙበት መዝገብ ነበር። ሲብል ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ተቋቁሞ ነገሩን ለትልልቅ ድርጅቶች አሰፋው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ሴልስፎርስ ደግሞ ሶፍትዌሩን በሲዲ መሸጥ ትቶ በኢንተርኔት አማካይነት በየወሩ ማከራየት ጀመረ። ዛሬ ለገበያ የሚቀርቡት አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚከተሉት ይህንኑ የኪራይ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ የደንበኛ መዝገብ ሶፍትዌርና የሒሳብ ሶፍትዌር አንድ አለመሆናቸው ነው። በአገራችን በርካታ ድርጅቶች የሚሠሩበት ፒችትሪ ገቢና ወጪን ይይዛል፤ የሚናገረውም ስላለፈው ነው። የደንበኛ መዝገብ ግን ስለሚመጣው ይናገራል። ማን ምን ቃል ገባ? ለማን መደወል አለበት? ማን ከመጣ ቆየ? አንዱን ለመግዛት ሄዶ ሌላውን ይዞ የሚመለስ ነጋዴ ገንዘቡን ከማባከን በቀር የሚያተርፈው የለም።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ሶፍትዌር የተዝረከረከ ደብተርን አያጠራም፤ የተዝረከረከውን በፍጥነት ያሳያል እንጂ። ስለዚህ ከግዢው በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ድርጅቱ ስለ እያንዳንዱ ደንበኛ ሊያውቅ የሚገባውን መዘርዘር ያስፈልጋል። ለእህል ነጋዴ አሥር ዓምድ ይበቃዋል፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ የሚያቀርበው ምርት፣ በተለምዶ የሚያመጣው ኩንታል፣ መጨረሻ የተገናኙበት ቀን፣ የተገባው ቃል፣ ቀጣዩ ቀጠሮ፣ ያለበት ወይም ያለው ቀሪ ሒሳብ፣ ያመጣው ደላላ።

ከዚህ ውጭ የሚጨመር ዓምድ ሁሉ የሚሞላው ሰው ይፈልጋል። በገበያ ቀን ምሽት ደክሞት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ አሥሩን ዓምድ ይሞላ ይሆናል፤ ሠላሳውን ግን አይሞላም። ባዶ ዓምድ የበዛበት መዝገብ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ስምና ቀን

የውጭ ሶፍትዌር ከእኛ አገር ነጋዴ ጋር መጀመሪያ የሚጋጨው በስም ላይ ነው። ፕሮግራሙ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ ግን ከስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው። አንዱ ሠራተኛ በቤተሰብ ስም ቦታ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ቢያስገባ አንድ ገበሬ ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ዓለሙ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «አለሙ» ብሎ የፈለገ ላያገኘው ይችላል። በመተከል ደግሞ የጉሙዝና የሽናሻ ስሞች በአማርኛ ፊደል ሲጻፉ ጸሐፊው እንደሰማው ስለሚጽፋቸው ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። በመሆኑም ከመግዛት በፊት አንድን ስም በሁለት ፊደል አስገብቶ ፍለጋውን መሞከር ብልህነት ነው። ፕሮግራሙ ካላገኘው፣ ድርጅቱ አንድ የአጻጻፍ ደንብ አውጥቶ ደንበኛውን በስም ሳይሆን በስልክ ቁጥር እንዲፈልግ ማድረግ ይኖርበታል። አንዳንድ ገበሬ በልጁ ስልክ ስለሚጠቀምና በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ሁለት ቁጥሮች የያዘም ስለሚኖር፣ ከቁጥሩ ጋር ቀበሌውን ማየት አይዘነጋም።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ የቆየ የደንበኞች ዝርዝር ያለው ድርጅት፣ ዝርዝሩ ወደ አዲሱ ሶፍትዌር ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊወጣ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

የቀኑ ነገር ደግሞ ከስሙ የባሰ ገንዘብ ያስከፍላል። በመዝገቡ ላይ 5/3 ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 5 ነው፤ በአውሮፓውያኑ ማርች 5፣ በአሜሪካውያኑ አጻጻፍ ደግሞ ሜይ 3 ይሆናል። ሰሊጡን በኅዳር አስረክባለሁ ያለ ገበሬ በማርች ቢደወልለት ሰሊጡ ከተሸጠ ወራት አልፈውታል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ፕሮግራሙ ላይ 3 ሰዓት ተብሎ የተሞላ የጠዋት ቀጠሮ ማስታወሻው የሚደውለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የማስታወሻውን ቀን በፕሮግራሙ አቆጣጠር ሞልቶ፣ በቃል መግለጫው ላይ «ኅዳር 5» ብሎ ወሩን በስሙ መጻፍ። ይህንን የማይጽፍ ሠራተኛ ሲኖር ሶፍትዌሩ ጥፋት የለበትም።

ኪራዩ በዶላር ነው

የውጭ ሶፍትዌሮች ዋጋ «በወር፣ በአንድ ሰው» እየተባለ ይነገራል። ሲሰሙት ያነሰ ይመስላል። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ተጠቃሚ በወር 15 ዶላር የሚጠይቅ ፕሮግራም እንውሰድ። ሦስት ሠራተኛ ላለው ድርጅት በወር 45፣ በዓመት 540 ዶላር ይሆናል።

ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሒሳብ 540 ዶላር 30,780 ብር ይመጣል። ዶላሩ 150 ብር ሲሆን ያው ፕሮግራም፣ ያው ሥራ፣ 81,000 ብር ይጠይቃል። ሻጩ ዋጋውን አንድ ሳንቲም ሳይጨምር የነጋዴው ወጪ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ስለሚፈጸም፣ በአገር ውስጥ ካርድ ወይም በቴሌብር ከፍሎ መገላገል የለም። ክፍያው በዘገየ ጊዜ አገልግሎቱ ይዘጋል። ደንበኛውን ሁሉ በዚያ ያስቀመጠ ነጋዴ በሰሊጥ ወቅት ቢዘጋበት ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ዋጋ ሲጠየቅ የወሩ ሳይሆን የሦስት ዓመቱ ይጠየቅ። ከዚያም ላይ የቆየውን ደብተር ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባው ሰው ደመወዝ፣ የሥልጠናውና የኢንተርኔቱ ወጪ ይደመር።

መስመር ሲቋረጥ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዚሁ ዞን በጉባ ወረዳ ተገንብቶ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡ በቅርብ መኖሩ ግን መብራት በሱቁ ውስጥ አይጠፋም ማለት አይደለም፤ የኢንተርኔት መስመርም እንዲሁ። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ፕሮግራም መስመር በሌለበት ሰዓት ተዘግቶ ከሚቀመጥ ደብተር አይሻልም።

ሻጩ «ከመስመር ውጭም ይሠራል» ሲል በቃሉ ብቻ መታመን አይገባም። የስልኩን ዳታ አጥፍቶ አንድ ደንበኛ መፈለግ፣ አንድ አዲስ መመዝገብ፣ ከዚያም ዳታውን ከፍቶ የተመዘገበው መግባቱን ማየት ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ሲሆን፣ ብዙ ማስታወቂያ የማይነግረውን ይነግራል።

በመተከል የመዝገብ ቅጂ ጉዳይ ከዚህም የጠለቀ ትርጉም አለው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በዞኑ በደረሱት ጥቃቶች በርካታ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ከመቶ ሺህ የሚበልጡም ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ሰው ሕይወቱን ይዞ ሲወጣ ደብተር አያስታውስም። ሲመለስ ግን ማን ከማን ምን ያህል እንዳለው የሚናገር ወረቀት ከሌለ፣ ዕዳው ብቻ ሳይሆን ጉርብትናውም ይበላሻል። በመሆኑም የመረጡት መዝገብ ምንም ይሁን ምን አንድ ቅጂው ከከተማው ውጭ፣ በዘመድ እጅ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ፣ መቀመጥ ይኖርበታል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ የሚገለበጥ አንድ ፍላሽ ዲስክ እንኳ ካለመኖሩ ይሻላል።

ምን ምን አማራጭ አለ?

አንደኛው ራሱ ደብተሩ ነው። ባለቤቱ ብቻውን የሚሠራና ደንበኞቹን በመልክ የሚያውቅ ነጋዴ በአሥሩ ዓምድ የተሰመረ ደብተር ከበቃው ሌላ አያስፈልገውም። በየወሩ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጡን ግን አይርሳ።

ሁለተኛው ኤክሴል ነው። አብዛኛው ጸሐፊ የሚያውቀው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና በምርትም በቀበሌም ለይቶ የሚያሳይ ነው። ድክመቱ ሁለት ሰው በሁለት ኮምፒዩተር ሲሠራበት ሁለት የተለያየ መዝገብ መፈጠሩ፣ ቀጠሮ ደርሷል ብሎም አለማስታወሱ ነው።

ሦስተኛው የኪራይ ሶፍትዌሮቹ በነፃ የሚሰጡት መነሻ ነው። የሕንዱ ዞሆ እስከ ሦስት ተጠቃሚ ድረስ በነፃ የሚያሠራ ዝግጅት አለው፤ የአሜሪካው ሀብስፖትም እንዲሁ ነፃ መነሻ ይሰጣል። ለመሞከር ጥሩ ናቸው። ሆኖም ድርጅቱ አድጎ ነፃው መነሻ ከሚፈቅደው በላይ ሰው ሲጨመር የዶላሩ ሒሳብ እንደሚጀምር ከወዲሁ ማወቅ ይገባል።

አራተኛው የፕሮግራም ጽሑፋቸው ለሁሉም ክፍት የሆነው እንደ ሱትሲአርኤምና የቤልጅጉ ኦዱ የማኅበረሰብ እትም ያሉት ናቸው። የፈቃድ ኪራይ የላቸውም፤ በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ተጭነው ያለ ኢንተርኔት ሊሠሩም ይችላሉ። ነገር ግን የሚጭን፣ ሲበላሽ የሚጠግን ባለሙያ ይፈልጋሉ። ባለሙያው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ከሆነ፣ ነፃ የተባለው ሶፍትዌር ዋጋ የባለሙያው አበልና መጓጓዣ ይሆናል። በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ሶፍትዌር ሠሪዎችም አሉ። ከነሱ ጋር ሲዋዋሉ ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም ሠሪው አገር ጥሎ ቢሄድ መዝገቡ በማን እጅ እንደሚቀር በውሉ ላይ መስፈር አለበት።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ከእነዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። ዋጋና የእህል ናሙና ፎቶ ለመላላክ አቻ የላቸውም፤ ነገር ግን ከሦስት ወር በፊት የተገባን ቃል ከመልእክት ክምር ውስጥ ፈልጎ ማውጣት አድካሚ ነው። ከሁሉም በላይ በሠራተኛው የግል ቁጥር የተከፈተ ከሆነ፣ ሠራተኛው ሲሄድ ደንበኛውም አብሮ ይሄዳል። ቢያንስ ሲም ካርዱ በድርጅቱ ስም የወጣ ይሁን።

በየትኛውም ምርጫ ላይ የማይታለፍ አንድ ጥያቄ አለ። ነገ ልተወው ብል መዝገቤን ሙሉ በሙሉ በኤክሴል መልክ አውጥቼ መሄድ እችላለሁ? መልሱ «አዎን» ከሆነ ሻጩ በፊታችሁ አውጥቶ ያሳይ። ማውጣት የማይቻልበት ቤት መግባትም አያሻም።

ደላላው ምን ያገኛል?

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከሆኑት ደላሎች አንዳንዶቹ እስከዚህ ሲያነቡ ቅር ሳይላቸው አይቀርም። የደላላ ሀብቱ የሚያውቀው ሰው ነው። ዝርዝሩን አምጣ ሲባል እንጀራህን አምጣ እንደተባለ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ነጋዴው ይህንን ሳይፈታ ሶፍትዌር ቢገዛ የሚያገኘው የተሳሳተ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ከአሥሩ ዓምዶች የመጨረሻው የተጨመረው ለዚህ ነው። ገበሬው በማን በኩል እንደመጣ በመዝገቡ ከሰፈረ፣ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት በቀጥታ ቢመጣ እንኳ ደላላው ለተስማሙበት ጊዜ ኮሚሽኑን የሚጠይቅበት ማስረጃ ይኖረዋል። አሁን በቃል የሚደረገው ክርክር በቀን ተመዝግቦ ይቀመጣል። ስምምነቱ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ሁለቱም ቢፈርሙበት፣ ደላላው ዝርዝሩን የሚሰጥበት ምክንያት ያገኛል፤ ነጋዴውም ደላላው ቢታመም ወይም ቢለቅ ሥራው አይቆምበትም።

በመዝገቡ የማይገባ ነገር

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው ስም፣ ስልክና አድራሻ መያዝ ኃላፊነት የሚያስከትል ሥራ ሆኗል። ጠቅለል ባለ አነጋገር፣ መረጃው ለምን እንደሚያዝ ለባለቤቱ መንገር፣ ለተነገረው ዓላማ ብቻ ማዋልና ከሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ መጠበቅ ያስፈልጋል። የደንበኞችን ዝርዝር ለሌላ ነጋዴ መሸጥ እንግዲህ እንደ ቀድሞው እንደዋዛ የሚታይ አይደለም።

የብሔር ማንነት ደግሞ በአዋጁ የተለየ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። አንዳንድ ዝግጁ ቅጽ ላይ እንዲህ ያለ ዓምድ ቢገኝ መሰረዝ ነው። ለሰሊጥ ንግድ አንዳች ጥቅም የለውም። መተከል ባሳለፈችው ነገር ላይ ግን ስም፣ ቀበሌና ብሔር አንድ ላይ የተጻፈበት ዝርዝር በተሳሳተ እጅ ቢገባ የሚያስከትለውን ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም።

ውሳኔው

እንግዲህ ሶፍትዌር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? መለኪያው የደንበኛው ብዛት አይደለም። አንድን ደንበኛ ከአንድ ሰው በላይ የሚያነጋግረው ከሆነ፣ ማለትም ጠዋት ባለቤቱ፣ ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ፣ በገበያ ቀን ደላላው ከሆነ፣ የጋራ መዝገብ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደብተሩ ይበቃል።

ያስፈልጋል ያለ ነጋዴ አራት ሳምንት ይስጠው። ሠላሳ ደንበኞች መርጦ በአሥሩ ዓምድ በኤክሴል ያስገባና በየምሽቱ ይሙላ። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ በዚህ ሳምንት ሊመጣ ቃል የገባ ማን ነው? ከወር በላይ ያልደወልንለት ማን ነው? ቀሪ ሒሳብ ያለው ማን ነው? መልሱ በአንድ ደቂቃ ከተገኘ መዝገቡ ሠርቷል፤ ኤክሴሉ ሲጠብበት ወደ ነፃው መነሻ ይሻገር። ዓምዶቹ ባዶ ሆነው ከተገኙ ደግሞ ችግሩ የሶፍትዌር አይደለምና በ81,000 ብርም አይፈታም።

በደንብ የተያዘ የዱቤ መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው። ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከሰው የሚሰበሰብ ገንዘብንም ይጨምራል። ማን ምን ያህል እንዳለበት፣ በቀንና በፊርማ ማሳየት የሚችል ነጋዴ ከባንክ ጋር ለመነጋገር በእጁ የሚይዘው ነገር አለው። በጭንቅላት ያለውን ዕዳ ግን ባንክ አይቀበለውም።

አዲሱ ሰሊጥ ገበያ የሚወጣው በጥቅምት ነው። ሙከራውን በመስከረም የጀመረ ይደርስበታል።